መሐላ የሌለው ሽንኩርት

«አትምልማ! ነገርኩሽ እኮ፤ መማል ካቆመች ሁለት ዓመት አለፋት። እጅሽን መጽሐፉ ላይ ጫኚ ሲሏት ትገተራለች። ሽማግሌዎቹም ይቺማ የምትደብቀው ነገር አላት ይላሉ፣ አለቀ ደቀቀ።»

ፍፁም ይህን ያለው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በካናቴራ እንዳለ፣ ደብረ ሲና ላለችው ሚስቱ በስልክ ነው። የደብረ ሲና ሰው በስልክ ሲያወራ ከነፋሱ ጋር መፎካከር ስለለመደ ይጮኻል፤ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ካፖርቱን እንጂ ጩኸቱን አያወልቅም። ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ፣ ጓሮ ባለችው ሰርቪስ ቤት ደጃፍ፣ ታናሽ እህቱ እታፈራሁ ገበያ የምታወርደውን ሽንኩርት ከብስባሹ እየለየች ነበር። እጇ ላይ የነበረውን አንድ ራስ ሽንኩርት ሳታየው ለረጅም ጊዜ ይዛው ቆየች። ከዚያ ከደህናው ጋር ጣለችው። ኋላ ገበያ ላይ ሲታይ ብስባሽ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸው እማማ በለጥሻቸው ካረፉ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። የተዉት ግቢ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ነው፤ ፊት ለፊት ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ጓሮው ላይ እታፈራሁ የምትኖርባት አንድ ክፍል፣ በመሀል አንድ ትልቅ ማንጎ። ፔንሲዮን ልሠራበት የሚል ገዢ መጥቷል። ሰውየው ሙሉውን ካልሆነ አልገዛም ብሏል፤ ማንጎው ያለበት ቦታ ደግሞ በፕላኑ ላይ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። ደብረ ሲና ላይ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጠው ፍፁም «ሸጠን ግማሽ ግማሽ» ይላል። እታፈራሁ «እማዬ ፊተኛውን ቤት ለሁለታችን ሰጥታ ጓሮዋንና ማንጎውን ለእኔ ብላለች፤ በሕይወት እስካለሁ እንዳይሸጥብኝ ተናግራለች» ትላለች። ይህ ሲባል መኝታ ቤቱ ውስጥ ከሟቿ ሌላ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ እታፈራሁ፣ ፍፁም፣ ጎረቤታቸው ሐምዲያ። ፍፁም «እኔ አልሰማሁም» አለ። ሐምዲያ ትመስክር ሲባል፣ «እሷ ሙስሊም ናት፣ በእናቴ መጽሐፍ ቅዱስ አትምልም፤ እኔ ደግሞ ከእናቴ መጽሐፍ ሌላ መሐላ አልቀበልም» አለና ሽማግሌዎቹ እንኳ ያላሰቡትን ቸርነት ጨመረበት፦ እህቴ ራሷ እጇን በመጽሐፉ ላይ ጭና ትማል፤ ከማለች ጓሮውም ማንጎውም የሷ ነው። ሰፈሩ ለአንድ ሳምንት ሙሉ «ወንድም ማለት እንደዚህ ነው» ሲል ሰነበተ። መሐላው የሚፈጸመው ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እታፈራሁም ቸርነቱ በየት በኩል እንደመጣ ገና አሁን፣ በግድግዳው በኩል ሰማች።

መጽሐፉ ፊተኛው ቤት ቡፌ ላይ፣ በላስቲክ አበባና በማይሠራው ቴሌቪዥን መሀል፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እዚህ ቤት ያልሠራው ሥራ የለም። ወባ የያዘው ሰው ራስጌ አድሯል፣ አራስ ቤት ገብቷል፣ መብረቅ ሲበዛ መስኮት ላይ ቆሟል፣ የጠፋ የብር ሀብል ፍለጋ ሰባት ሰዎች እጃቸውን ጭነውበታል። ያልተደረገው አንድ ነገር መነበብ ብቻ ነበር። የተነበበውም እማማ በለጥሻቸው አልጋ ላይ በወደቁ ጊዜ፣ ቴሌቪዥኑ ተቃጥሎ ሌላ የሚሰማ ነገር በመጥፋቱ ነው። እታፈራሁ ስድስተኛ ክፍል ደርሳ ያቆመች ናት፤ ከመንገድ ላይ ጽጌረዳ መልክ ፍሬም ያለው መነጽር ገዛችና ከገበያ ስትመለስ፣ እግሯን ታጥባ፣ በጣቷ እየተከተለች ታነብላቸው ጀመር። ማቴዎስ ላይ ጀመሩ። በቀን ሁለት ጣት ያህል ይሄዳሉ። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ከቶ አትማሉ የሚል ነገር መጣ። ጨው አቀብዪኝ ለማለት እንኳ ማርያምን የሚጠሩት እማማ በለጥሻቸው ትራሳቸው ላይ ቀና አሉና «እሱን ዝለዪው» አሉ።

«እማዬ፣ አይዘለልም እኮ።»

«ለኛ አይሆንማ። ያኔ ለነበሩት ነው።»

«ስሙ አልተጻፈም፣ ለማን እንደሆነ።»

«እንግዲያው ቀስ ብለሽ አንብቢው፣» አሉ እናቷ፤ ቀስ ብሎ የተነበበ ትእዛዝ የሚለሰልስ ይመስል። እዚያች ቦታ ላይ ሦስት ቀን ቆሙ። በሦስተኛው ቀን እታፈራሁ አንዲት ነፍሰ ጡር ትዝ አለቻት። ከዓመታት በፊት የሁለት ቀን ቲማቲም ይዛ «ማርያምን የዛሬ ነው» ብላ ሸጣላት ነበር። ሴትየዋ በማግሥቱ ተመለሰች። ልትጣላ መስሏት እታፈራሁ ወገቧን ይዛ ጠበቀቻት፤ ሴትየዋ ግን የሰደበቻት ነገር የለም። «ማርያምን ስላልሽኝ እኮ ነው» አለች፣ ሄደች። ይህን ያህል ዓመት የት ተቀምጦ እንደኖረ እንጃ፣ ያን ቀን ከመጽሐፉ መሀል ብድግ ብሎ ፊቷ ቆመ። በማግሥቱ እታፈራሁ ሳትምል ገበያ ወጣች።

አትክልት ተራ ሳይምሉ መሸጥ ማለት ሳይመዝኑ እንደመሸጥ ነው። መሐላ እዚያ ከሚዛኑ ድንጋይ ጋር አብሮ የሚቀመጥ ዕቃ ነው። ጧት ሸራው ሲወጠር ጀምሮ ማርያምን፣ ሚካኤልን፣ ወላሂ፣ እናቴ ትሙት እየተባለ፣ እስከ እኩለ ቀን የአንዳንዱ ነጋዴ እናት አምስት ስድስት ጊዜ ትሞታለች። ስለዚህ እታፈራሁ ስታቆም ሰው በሦስት ተከፈለ፤ ገሚሱ ጴንጤ ሆነች አለ፣ ገሚሱ ታማለች አለ፣ የቀረው ደግሞ ከሷ መግዛት ተወ። ዛሬም ፀሐዩ ገና ሸራውን ሳያልፍ አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴት መጥታ ሽንኩርቱን አገላበጠች።

«ስንት ነው?»

«ዘጠና።»

«ውይ! ስንት ገዝተሽው ነው ዘጠና?»

«ሰባ አምስት ገዝቼ፣ ከነማስጫኛው ሰማንያ።»

«ማርያምን?»

«ሰማንያ ነው አልኩሽ።»

«ማርያምን በያ!»

«አልልም።»

«እንግዲያው ሃምሳ ነው የገዛሽው፣» አለችና ሴትየዋ ዘንቢሏን አነሣች።

ከጎን ያለችው ሐምዲያ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ሐምዲያ ስድሳ ያለፋት፣ ማሾና በርበሬ የምትሸጥ፣ ጥርሶቿ መሀል ሁልጊዜ መፋቂያ የማይጠፋ ሴት ናት፤ ከእታፈራሁ ጋር በግቢ አጥር፣ በገበያ ሸራ ትጎራበታለች። «ነይ ወዲህ እቴ!» አለች፣ «እኔ እምልላታለሁ። ወላሂል አዚም ሰባ አምስት ነው፣ አንድ አይሱዙ ላይ ነው ከጀውሃ የጫንነው። ማስጫኛውንም እኔ ነኝ የተጨቃጨቅሁት።» ሴትየዋ ወዲያው ሁለት ኪሎ አስመዘነች። ሁለት ዓመት ሙሉ የእታፈራሁ ሽንኩርት የሚሸጠው በዚህ መልክ ነው፤ ሻጯ ክርስቲያን፣ መሐላው ሙስሊም። ሐምዲያ ለዚህ ሥራዋ የምትቀበለው ክፍያ በቀን አንድ ጊዜ እታፈራሁን መውቀስ ብቻ ነው።

«ዛሬ ግን እኔ አልምልልሽም፣» አለች ሐምዲያ፣ ሴትየዋ ከሄደች በኋላ። «ወንድምሽ አፌን ለጉሞታል። ራስሽ ማይ። እውነት አይደል? እውነት ላይ ቢምሉ ምን አለው? በኛ እውነት ላይ የማለ ነውር የለበትም።»

«በኛ ነውር አለበት።»

«በናንተ? የትኞቹ እናንተ? እኔ ካንቺ በቀር የማይምል ክርስቲያን አላየሁም። መምሬ ደጀኔ እንኳ ባለፈው በርበሬ ሲገዙኝ ሚካኤልን በዚህ ዋጋ አይሆንም ብለው ሁለት ብር አስቀነሱኝ።»

እታፈራሁ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን አቋርጣ የጧቱን የስልክ ወሬ ነገረቻት። ሐምዲያ መፋቂያዋን ከአፏ አወጣች። ማሾዋን በእጇ ዘገነችና መልሳ አፈሰሰችው። ኋላ «ባንቺ ኢማን ነዋ የሚነግደው!» አለች። «እሱ ያንን መጽሐፍ ከፍቶ አያውቅም፤ ግን ማን እንደከፈተው አውቆ ወጥመድ ሠራበት። በይ እንግዲያው፣ ለአንዲት ቀን ማይና አሳፍሪው። አላህ መሐሪ ነው፣ ነገ ትተዪዋለሽ።»

«ዛሬ ከማልኩ፣» አለች እታፈራሁ ሽንኩርቱን በመደዳ እየቆለለች፣ «ሁለት ዓመት ሳልምል የተናገርኩት ሁሉ ውሸት ነበር ማለት ነው። ለዚያች ሴትዮ ሰማንያ ያልኳትም ውሸት ነው። እማዬ ብላለች ብዬ ስምንት ወር ያወራሁትም፣ ገና ዛሬ እጄን ስጭን እውነት ሊሆን ነው። እኔ እኮ ያለኝ እሷ ክፍልና ይሄ አፌ ነው፤ አንዱን ለማትረፍ አንዱን ላፍርሰው?»

«ክፍሏ ጣራ አላት። አፍሽ ጣራ የለውም። ክረምት እየመጣ ነው።»

እታፈራሁ ሽንኩርቱን መቆለሏን ቀጠለች። እውነቱን ለመናገር፣ ሐምዲያ ዙሁር ልትሰግድ ስትሄድ ሸራው ሥር ብቻዋን ቀርታ አንድ ጊዜ ሞክራዋለች። ቀኝ እጇን የሽንኩርቱ ማዳበሪያ ላይ ጫነችና ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች «ይህ መጽሐፍ…» ብላ ጀመረች። ቀላል ነበር። ሁለት ዓመት ያልተነካ ምላስ እንኳ መንገዱን አልረሳውም፤ ቃሉ ሊወጣ ጥርሷ ድረስ መጣ። አንድ የባጃጅ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «ምን አልሽ እትዬ?» አላት። «ዘጠና፣» አለች። እጇን አነሣችና በቀሚሷ ጠረገችው። ከዚያ በኋላ እስከ ስምንት ሰዓት ማንንም ቀና ብላ አላየችም።

ፊተኛው ቤት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ነበር። የግንቦት ፀሐይ ቆርቆሮውን እያንኳኳው፣ ጥግ ላይ ያለው ቬንትሌተር አንገቱን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እያዞረ፣ ሁሉንም እኩል ይሰማል፣ ለማንም አይፈርድም። ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ የቤቱ የንስሐ አባት መምሬ ደጀኔ፣ ሌላው ጋሽ ኢልያስ፤ ለሃያ ዓመት የሮቢን ወንዝ ውሃ ለመስኖ ገበሬው በተራ ሲያከፋፍሉ የኖሩና በዚህም የተነሣ የማንንም እንባ በቀላሉ የማያምኑ ሰው ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ለስላሳ መጠጥና ከግቢው የተለቀመ ማንጎ ቀርቧል። ፍፁም ሦስተኛውን እየበላ ነበር። ወደ ቆላ ከመውረዱ በፊት ሚስቱ ጠጉሩን ጥቁር ቀለም ቀብታ ልካዋለች፤ የሽማግሌ ጉባኤ ነው፣ ሽማግሌ መምሰል ያለባቸው ሽማግሌዎቹ ናቸው ብላ። ደብረ ሲና ላይ አንድ ወር የሚቆየው ቀለም ሮቢት ላይ አንድ ቀን አላለፈውም፤ ከጆሮው ኋላ አንዲት ጥቁር መስመር ላቡን ተከትላ ወደ ነጩ ሸሚዙ ኮሌታ እየወረደች ነበር። ሁሉም አይቷል። ማንም አልነገረውም።

እታፈራሁ በሩ አጠገብ ባለው ዱካ ላይ ተቀመጠች። ወንድሟ አላያትም፣ እሷም አላየችው፤ ማንጎውን ግን ሁለቱም አዩት። መምሬ ደጀኔ ጨርቁ እንደተጠቀለለበት መጽሐፉን አንሥተው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖሩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ እታፈራሁ ልጄ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ወንድምሽ ቃሉን ሰጥቷል። እጅሽን ጫኚና፣ እናቴ ብላኛለች፣ ዋሽቼ ከሆነ ይህ መጽሐፍ ይፍረድብኝ በይ። ከዚያ እኛም ማንጎአችንን እንብላ።»

«ማርያምን!» አለ ፍፁም አፉን በመሐረብ እየጠረገ። «ከማለች አንዲት ቃል አልተነፍስም። ሚካኤል ምስክሬ ነው።»

«አልምልም፣» አለች እታፈራሁ።

ቬንትሌተሩ ከመምሬ ደጀኔ ወደ ጋሽ ኢልያስ ዞረ። ፍፁም ወንበሩ ላይ ተለጠጠ፤ ፊቱ ላይ የመጣው ሐዘን ጧት በመስታወት የተለማመደው ይመስል ነበር። «ይኸው፣» አለ። «እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ አባቶቼ? ከዚህ በላይ ምን ልክፈትላት? እውነት ቢኖራት ምን ያስፈራታል? እኔ ለእህቴ ብዬ…»

«ቆይ፣» አሉ ጋሽ ኢልያስ። «ውሃ ያለተራው የጠለፈ ሰው እንኳ ምክንያት ይጠየቃል። ለምንድን ነው የማትምዪው?»

«ምክንያቱ እዚያው ጨርቁ ውስጥ ነው ጋሽ ኢልያስ። ይከፈትና ይነበብ። መምሬም ያውቁታል።»

መምሬ ደጀኔ ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «እ… ውስጡ ብዙ ነገር አለ ልጄ፣» አሉ፤ «የትኛውን ማለትሽ ነው?» የትኛውን እንደሆነ ግን አልጠፋቸውም፤ ለስላሳቸውን አንሥተው ባዶውን ጠርሙስ ጠጡ።

«ጋሼ ያንብበው፣» አለች ወደ ወንድሟ እያየች፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያየችው። «እኔ ካነበብኩት ከራሷ ጨመረችበት ይላል። እሱ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ነው።»

«መነጽሬን አላመጣሁም።»

እታፈራሁ ከጡቷ ሥር ከታሰረችው መሐረብ ውስጥ መነጽሯን አወጣችና ሰጠችው። እንቢ ሊል ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ፤ ጋሽ ኢልያስ ግን ጢማቸውን እየዳበሱ «አንብብ እንጂ፣ ይማልበት ያልከው መጽሐፍ አይደል?» አሉት። ስለዚህ ፍፁም፣ የደብረ ሲና የሚስማር ነጋዴ፣ በጽጌረዳ መልክ መነጽር ሆኖ የእናቱን ቋጠሮ መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው የሴት ነው፣ ጠንካራ ነው፣ በጥፍሩ ታገለው። ሲፈታ ክር ያለባት መርፌ ወደቀች፣ የድሮ የውሃ ሒሳብ ደረሰኝ ወደቀ፣ ከዚያም አንዲት ጠርዟ የተበላ ፎቶግራፍ፤ ፍፁም ራሱ፣ ስምንተኛ ክፍልን ያለፈ ዕለት፣ አንገቱ በሰው ሸሚዝ ተውጦ። ፎቶግራፏን ገልብጦ አስቀመጣት። ምዕራፉን መፈለግ አላስፈለገውም፤ ማቴዎስ ላይ አንድ የደረቀ ቀይ የሽንኩርት ልጣጭ ቦታውን ይዞ ይጠብቀው ነበር።

መጀመሪያ እንደ ዜና አንባቢ ድምፁን አስተካክሎ ጀመረ። ከቶ አትማሉ የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁ ወረደ። በሰማይ አይሆንም፣ በምድርም አይሆንም፣ በቅድስቲቱ ከተማም አይሆንም፤ እያንዳንዱ በር ሲዘጋ ፍጥነቱን ቀነሰ። ቀጥሎ በራስህም አትማል ይላል፤ ከራስህ ላይ አንዲቱን ጠጉር እንኳ ልታነጣ ወይም ልታጠቁር አትችልምና። እዚህ ላይ ጋሽ ኢልያስ ሳያስቡት የፍፁምን ጠጉር አዩ፤ ከጠጉሩ ወደ ኮሌታው ወረዱ። መምሬ ደጀኔም ተከትለው አዩ። ጋሽ ኢልያስ ማንጎ የተሰነቀራቸው ይመስል ለረጅም ጊዜ ሳሉ፤ ሳል አለመሆኑን ሁሉም ያውቃል። ፍፁም እጁን ወደ አንገቱ ሰደደና ጣቱን አየው። ጣቱ ጥቁር ነበር። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር፣ ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን የምትለዋን፣ ለራሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጨረሳት።

«መምሬ፣» አሉ ጋሽ ኢልያስ ዓይናቸውን በጣታቸው እየጠረጉ፣ «እንዲህ ነው እንዴ የሚለው?»

«እንዲህ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ምን ብለን ነው ልናስምላት የመጣነው?»

መምሬ ደጀኔ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ልማድ ነው፣» አሉ፤ ድምፃቸው የንስሐ አባት ሳይሆን ንስሐ የሚገባ ሰው ድምፅ ሆነ። «ሰው ሰውን አያምንማ። ምን ይደረግ? ባለፈው ሳምንት መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።»

«ይሄ የሃይማኖት ክርክር ነው!» አለ ፍፁም መነጽሩን ሳያወልቅ። «እኔ የመጣሁት ስለ ቤት ነው። ማርያ…» አለና አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ጣቱ አሁንም ገጹ ላይ ነበር።

«ስለ ቤት ነው፣» አለች እታፈራሁ። ከዱካዋ ተነሣች። «መሐላ አይቻልም ካልን ደግሞ እትዬ ሐምዲያን የሚከለክላት ነገር የለም። በእማዬ መጽሐፍ አትምልም ተብላ ነው የተገፋችው። ይኸው፣ እዚህ ቤት ማንም አይምልም፤ እኔም፣ እሱም፣ እሷም። በአንድ መስመር ላይ ነን። ትጠየቅ።»

ጋሽ ኢልያስ ውሃ ወደ ቦዩ እንደሚለቅ ሰው እጃቸውን ዘረጉ። «ትጠራ።»

መጥራት አላስፈለገም። ሐምዲያ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ማንጎው ሥር ተቀምጣ፣ በመስኮቱ በኩል እያንዳንዱን ቃል እየሰማች፣ ለማስመሰያ አንድ ሳፋ ማሾ ስትለቅም ነበር። ሳፋውን ይዛ ገባች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ሻርፗን አስተካክላ፣ ቀጥ ብላ ቆመችና «ወላ…» ብላ ጀመረች። እጇ ሮጦ አፏን ከደነው። መምሬ ደጀኔ ሳቅ አመለጣቸው።

«አፉ በሉኝ፤ አፌ ለምዶ ነው። ይሄ ነገር ለካ ከባድ ነው፣» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ረጋ አለ። «እንዲሁ እናገራለሁ። ቀኑ ጁምዓ ነበር። አጥሚት ይዤላቸው መጣሁ። ፍፁም እዚያ አልጋው እግርጌ ነበር፣ ካፖርቱን ታቅፎ። እማማ በለጥሻቸው እንዲህ አሉ፦ ፊተኛው ቤት ለሁለታችሁ፤ ጓሮዋና ማንጎው ግን የእታፈራሁ ነው፣ በሕይወት እስካለች እንዳትሸጡባት። ቀጠሉና ማርያ ብለው ጀመሩ፤ አቆሙት። ሳቁ። ልምል ነበር፣ ይቺ ልጅ ከለከለችኝ፤ እንዲሁ አዎን ብያለሁ፣ አዎን አሉ። ሠላሳ አራት ዓመት ተጎራብተናል። ሳይምሉ ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። እንዴት አድርጌ እረሳዋለሁ?» ወደ ፍፁም ዞረች። «አንተም ሳቅህ። እማዬ፣ በስተርጅናሽ ጴንጤ ሆንሽ እንዴ ብለህ ሳቅህ። እሳቸውም ትራሱን ሊወረውሩብህ ፈልገው አቅም አጡ። ይህንን እኔ ከየት አመጣዋለሁ?»

ከውጭ የበሰለ ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ዱብ ብሎ ተንከባሎ ወረደ። ጠረጴዛው ላይ የፍፁም ስልክ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚስቱ ስም በራ፣ ጠፋ፣ እንደገና በራ። አላነሣውም። ጥቁሯ መስመር ኮሌታውን አልፋ ወደ ደረት ኪሱ መንገድ ጀምራለች።

እታፈራሁ ጠረጴዛው ድረስ ሄደች። ገልብጦ ያስቀመጣትን ፎቶግራፍ አነሣችና ቀና አድርጋ፣ የሽንኩርቱ ልጣጭ አጠገብ፣ ገጹ ላይ አኖረችው።

«ጋሼ፣» አለችው፣ «አንተንም ማንም አያስምልህም። እጅህን የትም አትጭን። እማዬ ብላለች ወይስ አላለችም?»

መሐላ ቢሆን ኖሮ ፍፁም ያውቅበት ነበር። ከጧት ጀምሮ ማርያምን ሦስት ጊዜ፣ ሚካኤልን ሁለት ጊዜ ጠርቷል፤ አንድ ሰው በትልቅ ስም ጀርባ ተከልሎ ምን ያህል ሊናገር እንደሚችል ሠላሳ ዓመት ሚስማር ሲሸጥ ተምሮታል። አሁን ግን የሚከለልበት ነገር አልሰጡትም። አንዲት ጥያቄ፣ ሁለት ሽማግሌ፣ ዓይኑ ላይ የእህቱ መነጽር፣ ፊት ለፊቱ የፎቶግራፉ የስምንተኛ ክፍል ልጅ። ወደ መምሬ ደጀኔ ዞረ፤ መምሬ መሬት ያዩ ነበር። ወደ ጋሽ ኢልያስ ዞረ፤ እሳቸው ኮሌታውን ያያሉ። ቬንትሌተሩ ሁለት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ።

«አዎን፣» አለ ወደ ጠረጴዛው እግር።

መምሬ ደጀኔ «ተመስገን!» ብለው ለመነሣት ጉልበታቸውን ያዙ። ጋሽ ኢልያስም ማንጎ ሊያነሡ እጃቸውን ዘረጉ። እታፈራሁ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም፤ መነጽሯንም አልተቀበለችውም። ሽንኩርት የሚያሸትተውን ጣቷን ገጹ ላይ፣ መስመሩ ሥር አደረገች።

«አንዴ ነው ያልከው ጋሼ፣» አለችው። «እስኪ በደንብ እየው፤ የተጻፈው ሁለቴ ነው።»